ስሜን ተራሮች ላይ ሆኜ ኢሜይሌን እንዴት ልከታተል?

ጠያቂያችን ጎንደር ላይ የሚሠሩ አስጎብኚ ናቸው። እንዲህ ይላሉ፦ «እንግዳ ይዤ ስሜን ተራሮች ስወጣ ስድስት ሰባት ቀን እቆያለሁ። ደባርቅን ካለፍኩ በኋላ ኔትወርኩ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይሄዳል። በዚያ መሀል የሚላክልኝ ኢሜይል ይጠፋብኛል። ለጥምቀት ሊመጡ ያሰቡ ስምንት እንግዶች ጽፈውልኝ ነበር፤ ስመለስ ሌላ አስጎብኚ ይዘው ቆዩኝ። እዚያው ሆኜ የጻፍኩትም ‹እየተላከ ነው› እንዳለ ቀናት ያልፋሉ። አንዱ ባልደረባዬ የሳተላይት ስልክ ወይም ስታርሊንክ የሚባለውን በሳህን የሚሠራ የሳተላይት ኢንተርኔት ግዛ ይለኛል። ሌላው ፋይቭ ጂ ስልክ ይበቃሃል ይላል። የቱን ልግዛ?»

የትኛውንም አይግዙ። ለሳተላይት ስልክ ያሰቡት ገንዘብ ባለበት ይቆይ። ያጋጠመዎት ነገር ሁለት የተለያየ ችግር ነው፤ አንድ አድርገው ስላዩት መፍትሔው ዕቃ መግዛት መሰለዎት። አንዱ የደብዳቤዎ መድረስና አለመድረስ ነው። ሌላው ደንበኛው መልስ ሳያገኝ መቆየቱ ነው። ስምንቱን እንግዶች ያሳጣዎት ሁለተኛው ነው። ለጉዞ የሚጽፍ ሰው ብዙ ጊዜ ለሦስት ለአራት አስጎብኚ በአንድ ቀን ይጽፋል፣ ቀድሞ ከመለሰለት ጋር ይስማማል። ስድስት ቀን አይጠብቅም።

ከመጀመሪያው ልነሳ። «ኢሜይሌ ይጠፋብኛል» ያሉት ትክክል አይደለም። ኢሜይል የሚደርሰው ስልክዎ ላይ አይደለም። ጂሜይል ከሆነ ጎግል ሰርቨር (ሁልጊዜ በርቶ የሚኖር ኮምፒውተር) ላይ ያርፋል፤ የድርጅትዎ አድራሻ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ድረ ገጽዎ የተቀመጠበት ሰርቨር ላይ። ስልክዎ ኔትወርክ ባገኘ ቁጥር ወደዚያ ሄዶ ምን እንደመጣ ያያል እንጂ ራሱ ተቀባይ አይደለም። እኛ አገር ፖስታ ቤት ብዙ ጊዜ ደብዳቤውን ቤታችን ድረስ አያመጣልንም፤ ፖስታ ሣጥን ቁጥራችን ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ እኛ ቁልፋችንን ይዘን እንሄዳለን። ኢሜይልም እንደዚያው ነው። እርስዎ ስልክዎን አጥፍተው ግጭ ካምፕ ላይ አምስት ቀን ቢተኙ ደብዳቤው ሣጥኑ ውስጥ ነው። ሰርቨሩ ራሱ እንኳ መብራት ጠፍቶበት ቢቋረጥ ላኪው ሰርቨር ደጋግሞ ይሞክራል። ኢሜይል የሚጓጓዝበት ኤስኤምቲፒ የሚባለው ደንብ በ1982 እ.ኤ.አ. ሲወጣ መስመር መቋረጡ የታወቀ ነገር ነበር፤ ዛሬ የሚሠራበትም ደንብ ላኪው ተስፋ ከመቁረጡ በፊት በአጠቃላይ ቢያንስ 4 ወይም 5 ቀን መሞከር እንዳለበት ይላል።

በእውነት ደብዳቤ የሚያሳጡ ነገሮች ግን አሉ፤ ከተራራው ጋር ምንም ግንኙነት የላቸውም። ዋናው የቦታ መሙላት ነው። ነፃው የጎግል አካውንት 15 ጊጋባይት ይሰጣል፤ ይህ ለጂሜይል ብቻ ሳይሆን ለጎግል ፎቶና ለድራይቭም ነው። አስጎብኚ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሲያነሳ ይውላል። የዋልያውና የጭላዳው ቪዲዮ በራሱ ጊዜ ባክአፕ እየሆነ ቦታውን ሲሞላው አዲስ ደብዳቤ መግባት ያቆማል። ለላኪው «አልደረሰም» የሚል መልስ ይሄዳል። እርስዎ የመሙላት ማስጠንቀቂያውን ሳያዩ ካለፉ ማን እንደጻፈልዎ እንኳ አያውቁም። ሌላው የቢሮ ኮምፒውተር ነው። የድርጅት አድራሻ ያላቸው ብዙ ሰዎች ቢሮው ያለው ኮምፒውተር ፖፕ በሚባለው መንገድ ደብዳቤ እንዲያወርድ አድርገው ያስገቡትና ይረሱታል። ፖፕ ደብዳቤውን አውርዶ ከሰርቨሩ ላይ ሊያጠፋው ይችላል፤ ያኔ ስልክዎ ሄዶ ሲያይ ሣጥኑ ባዶ ነው። አይማፕ በሚባለው መንገድ ይቀይሩት፤ ሁሉም ነገር ሰርቨሩ ላይ እንዳለ ይቆያል፣ ከስልክም ከኮምፒውተርም ይታያል። ስፓም ውስጥ መመልከትም አይርሱ፤ ጂሜይል እዚያ የገባውን በ30 ቀን ይሰርዘዋል።

አሁን ወደ መላኩ። ባለፈው ኅዳር ሳንቃበር ካምፕ ላይ ነበርኩ። ከአጠገባችን ድንኳን የተከለ አንድ ወጣት አስጎብኚ ስልኩን ወደ ሰማይ አንስቶ ወዲያ ወዲህ ሲል አየሁት። ስካውቱ፣ ማለትም አብሮን የሚሄደው የፓርኩ ጠባቂ፣ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ እንዳደረገ ከካምፑ በላይ ያለች ጠፍጣፋ ድንጋይ አሳየውና «እሷ ላይ ቁም፣ ከዚያ ውጪ አትድከም» አለው። ቆመ። ሁለት የኔትወርክ ምልክት መጣ፤ ደብዳቤው ግን አልሄደም። ስልኩን ተቀብዬ ያልተላኩ ደብዳቤዎች የሚጠራቀሙበትን አውትቦክሱን ከፈትኩት። አሥራ አንድ ደብዳቤ ተደርድሯል። አንዱ ለአንዲት እንግዳ ሊልከው የሞከረው የጭላዳ መንጋ ቪዲዮ ነው፣ 18 ሜጋባይት። የቀሩት አሥሩ የሁለት ሦስት መስመር ጽሑፍ ናቸው። አንዱ «አዎ፣ መኪናው በዚያ ቀን ነፃ ነው» ከማለት በቀር ምንም የለውም። ለሦስት ቀን ሳትሄድ የቀረችው መልስ እሷ ነበረች።

ሂሳቡ ይህ ነው። ኢሜይል ፎቶና ቪዲዮን ወደ ፊደል ቀይሮ ስለሚልክ መጠናቸው በሲሶ ይጨምራል። 18 የነበረው 24 ሜጋባይት ይሆናል። ደካማ ቱጂ በሰከንድ 40 ኪሎቢት ቢሰጥዎት 24 ሜጋባይት 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይፈጃል፣ ያውም መሀል ላይ ካልተቋረጠ። ከተቋረጠ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። 5 ኪሎባይት የምትሆነው ጽሑፍ ግን አንድ ሰከንድ ይበቃታል። ቪዲዮው ያቺን ቀጭን መስመር ሙሉ ለሙሉ ይዞ ሌሎቹን አላሳልፍ ብሏል። ሰረዝነው። አሥሩ ድንጋዩ ላይ እንደቆምን ተራ በተራ ወጡ፤ የመጨረሻዋ ስትሄድ ልጁ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አያት። ስለዚህ ከደባርቅ በላይ ፎቶ አያያይዙ። ፊርማዎ ላይ የድርጅትዎ አርማ ምስል ካለም ያውጡት፤ በእያንዳንዱ መልስ ላይ እየተንጠለጠለ ይሄዳል።

«ምልክቱ እያለ ለምን አይልክም?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ እዚህ ላይ ልቆይ። የሚያዩት ምልክት ታወሩ እርስዎ ዘንድ ምን ያህል እንደሚሰማ ነው፤ እርስዎ ታወሩ ዘንድ መሰማትዎን አይነግርዎትም። ታወሩ በአሥራዎቹ ዋት በሚቆጠር ኃይል ይልካል። ስልክዎ ግን በቱጂ ቢበዛ 2 ዋት፣ በፎርጂ ደግሞ 0.2 ዋት ገደማ ነው ያለው። ስለዚህ እሱን ይሰሙታል፣ እሱ አይሰማዎትም። ስሜን ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመው ቆላውን ቁልቁል ሲያዩ የሚጋርድ ነገር ስለሌለ በጣም ሩቅ ያለ ታወር ምልክት ይሰጥዎታል። ቱጂ ግን በተለመደው አሠራሩ ከታወሩ 35 ኪሎ ሜትር ካለፉ አያገናኝዎትም፤ ስልኩና ታወሩ የሚነጋገሩበት ጊዜ ይፋለሳል። አፋፉ ላይ ያለው ምልክት ብዙ ጊዜ የሚያታልለው በዚህ ነው። የሚሠራውን ቦታ ስካውቱና በቅሎ ጫኞቹ በየቀኑ ስለሚመላለሱበት ያውቁታል። ከማንኛውም የሽፋን ካርታ በፊት እነሱን ይጠይቁ፤ ለየትኛው ሲም እንደሚሠራም አብረው ይጠይቁ፤ ጎንደር ፒያሳ ላይ ፈጣን የሆነው ሲም ተራራው ላይም ፈጣን ነው ማለት አይደለም። የሁለቱንም ኩባንያ ሲም ይያዙ።

ፋይቭ ጂ ስልክ እዚህ ምንም አይጨምርልዎትም። ስልኩ የሚሰጥዎት ታወሩ ያለውን ብቻ ነው። ከዚህ ይልቅ የያዙትን ስልክ ኔትወርክ መምረጫ ውስጥ ገብተው ቱጂ ብቻ ላይ ያድርጉት። ፎርጂ እየፈለገ ሲወጣና ሲገባ ከሚቆይ በዝግታ የሚሄድ ግን የማይቋረጥ መስመር ለጽሑፍ ይሻላል። ጂሜይልን በብሮውዘር ለመክፈትም አይሞክሩ፤ ቀላሉን የጂሜይል ገጽ ጎግል በ2024 እ.ኤ.አ. ዘግቶታል፤ የአሁኑ ገጽ ለቱጂ ከባድ ነው። አፑን ይጠቀሙ፤ ያለ ኔትወርክ ያነበቡትን ይዞ ይቆያል፣ የጻፉትንም መስመር ሲያገኝ በራሱ ይልካል። የጉዞ ፕሮግራም፣ የዋጋ ዝርዝርና የሆቴል ማረጋገጫ ግን አስቀድመው ከፍተው ስልኩ ላይ ካላወረዷቸው እዚያ ላይ አይከፈቱም። ይህን ጎንደር ዋይፋይ ላይ እያሉ ይጨርሱ።

ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ስልክ ሳያቋርጥ ታወር ስለሚፈልግ ባትሪው ከወትሮው ፈጥኖ ያልቃል። ቀኑን በኤርፕሌን ሞድ ያድርጉትና ጠዋት ሲነሱና ማታ ካምፕ ሲገቡ፣ የሚሠራው ቦታ ላይ ሆነው፣ አሥር አሥር ደቂቃ ይክፈቱት። ሁለት ጊዜ ይበቃል። ጨነቅ ካምፕ ከባሕር ወለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ ነው፤ በብርድ ወራት ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ባትሪ ደግሞ በብርድ ይደክማል። ስልኩንና ፓወር ባንኩን እንቅልፍ ከረጢትዎ ውስጥ ይዘው ይተኙ። ከዜሮ በታች የቀዘቀዘ ስልክ ቻርጅ አያድርጉ፣ ባትሪውን ለዘለቄታው ይጎዳል። መጀመሪያ ገላዎ ላይ ያሙቁት።

ሳተላይቱን በተመለከተ፣ መሣሪያው እንደሚሠራ አልክድም። ኢሪዲየም ለምሳሌ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሚዞሩ 66 ሳተላይቶች መላውን ምድር ይሸፍናል። በእጅ የሚያዘው ስልኩ ግን ዳታ የሚልከው በሰከንድ 2.4 ኪሎቢት ነው፤ አንድ ሜጋባይት ፎቶ 55 ደቂቃ ይወስድበታል። ስታርሊንክ ፈጣን ነው፤ መደበኛው ሳህኑ ግን ከ75 እስከ 100 ዋት ይፈልጋል፤ 20,000 ሚሊአምፕ የሚባለው ፓወር ባንክ የያዘው 74 ዋት-ሰዓት ስለሆነ ቢበዛ አንድ ሰዓት ያህል ነው የሚያንቀሳቅሰው። በቅሎ ላይ ጀነሬተር ካልጫኑ በቀር ማለት ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ሕጉ አለ። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ያለ ፈቃድ የቴሌኮም መሣሪያ ማስገባትንም፣ መያዝንም፣ መጠቀምንም በወንጀል ይጠይቃል። ዛሬ ዘርፉን የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሲግናል ማጉያ የሚባሉትንም ዕቃዎች ገበያ ላይ ስላገኟቸው ብቻ የተፈቀዱ አይምሰልዎት። እንግዶችዎ የሳተላይት ስልክ ወይም በሳተላይት መልእክት የሚልክ ትንሽ መሣሪያ ይዘው ሊመጡ ካሰቡ ከመነሳታቸው በፊት ይንገሯቸው፤ ቦሌ ጉምሩክ ላይ ሊያዝባቸው ይችላል። ለትልቅ ጉዞ በእርግጥ ያስፈልገኛል የሚል ድርጅት መንገዱ አንድ ነው፤ ባለሥልጣኑን በጽሑፍ ጠይቆ ፈቃዱን በእጅ ይዞ መግዛት።

የእኔ ምክር ይህ ነው፤ ከዚህ አያሻግሩት። እርስዎ ተራራ ላይ ሲሆኑ ጎንደር ላይ ተቀምጦ ኢሜይልዎን የሚመልስ አንድ ሰው ይኑርዎት። ባለቤትዎ፣ እህትዎ፣ የቢሮ ባልደረባዎ፣ ፈረንጅኛ መጻፍ የሚችልና የሚታመን ማንም ሰው። ፓስወርድዎን ግን አይስጡት። ጂሜይል ሰው የመወከል አሠራር አለው፤ ከኮምፒውተር ላይ ሴቲንግ ገብተው፣ የአካውንቶች ክፍል ውስጥ፣ የተወካዩን ጂሜይል አድራሻ ያስገባሉ፣ እሱ ይቀበላል። ከዚያ በራሱ አካውንት ገብቶ የእርስዎን ደብዳቤ ያነባል፣ ይመልሳል፤ ፓስወርድዎን መቀየር አይችልም። ስትጣሉ ወይም ሥራ ሲለቅ ውክልናውን በአንድ ጊዜ ያነሱታል። ጥሪው በአንድ ሳምንት ውስጥ ካልተቀበሉት ስለሚያልፍበት ጉዞው ዋዜማ ላይ አይጀምሩት።

ተወካዩና እርስዎ የምትገናኙት በኤስኤምኤስ ነው። ዳታ እምቢ ያለበት ቦታ ኤስኤምኤስ ብዙ ጊዜ ያልፋል፤ የሚፈልገው መስመር እጅግ ትንሽ ነው። ስልክዎ ካልተገኘም ማዕከሉ አቆይቶ ኔትወርክ ሲያገኙ ይልክልዎታል። ከጎንደር «6 ሰው፣ ጃንዋሪ 22–27፣ እስከ ራስ ደጀን፣ ዋጋ ጠየቁ» ይመጣል፤ ከሳንቃበር «እሺ በይ፣ የታኅሣሡን ዋጋ ላኪ» ይሄዳል። እንግዳው በዚያው ቀን መልሱን አገኘ። በአማርኛ ፊደል ሲጽፉ አንዱ ኤስኤምኤስ የሚይዘው 70 ፊደል ነው፤ በላቲን ፊደል 160። ከዚያ ካለፈ ተቆራርጦ ነው የሚሄደው፣ በደካማ ኔትወርክ ደግሞ አንዱ ቁራጭ ሊዘገይ ይችላል። አጭር ይጻፉ።

ከዚህ ጋር የጂሜይልን አውቶማቲክ መልስ ያብሩ። የሚሠራው ሰርቨሩ ላይ ስለሆነ ስልክዎ ቢጠፋም ይመልሳል። «ለማውቃቸው ሰዎች ብቻ» የሚለውን ምርጫ አይንኩት፤ አዲስ ደንበኛ እርስዎ የማያውቁት ሰው ነው። መልሱ ውስጥ የሚመለሱበትን ቀን፣ የተወካዩን ስምና ስልክ፣ እንዲሁም በ24 ሰዓት ውስጥ መልስ እንደሚያገኙ ይጻፉ። ለአንድ ሰው የሚደርሰው በአራት ቀን አንድ ጊዜ ስለሆነ ደጋግሞ አያሰለችም። ቀኑን ሁልጊዜ በፈረንጆች አቆጣጠር ያድርጉት። «ጥር 11» ብለው ቢተረጉሙት እንግዳው ጃንዋሪ 11 ነው የሚለው፤ ጥምቀት ግን ጃንዋሪ 19 ወይም 20 ነው የሚውለው። ሰዓትም እንደዚያው፤ የጠዋቱ ሁለት ሰዓት ለእነሱ ስምንት ነው። በዚህ ምክንያት አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሰው ሳይቀበለው የቆመ እንግዳ አይቻለሁ፤ ልብ ይሰብራል።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ፤ ሰውን ከራሱ አካውንት ውጪ የሚያስቀረው ይኸው ነው። ጂሜይልዎ ሲገቡ በኤስኤምኤስ ኮድ የሚልክ ከሆነ፣ ስልክዎ ባትሪው ሞቶ ደባርቅ ሆቴል ባለ ኮምፒውተር ለመግባት ሲሞክሩ ኮዱ ወደ ሞተው ስልክ ይሄዳል። ከመውጣትዎ በፊት ጎግል የሚሰጠውን መጠባበቂያ ኮድ ያውጡ። አሥር ናቸው፣ እያንዳንዳቸው ባለ ስምንት አኃዝ፣ አንዱ የሚያገለግለው አንድ ጊዜ ብቻ። ወረቀት ላይ ጽፈው ከስልኩ ተለይተው ይያዟቸው፤ አድራሻዎንና ፓስወርድዎን እዚያው ወረቀት ላይ አይጨምሩበት። በሰው ኮምፒውተር ከገቡ ሲጨርሱ መውጣትዎን ያረጋግጡ።

ይህ ሁሉ የማይፈታው ነገር አለ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ጎንደር ላይ የተቀመጠው ተወካይም ከተራራው ሰው አልተሻለም። ስለዚህ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ወይም ባልደረባ ሁለተኛ ተወካይ ያድርጉ፤ ጂሜይል ከአንድ በላይ ይፈቅዳል። ለአደጋም ኢሜይልን ተስፋ አያድርጉ። እንግዳው ከፍታው አሞት ራሱን ከያዘው፣ ካስታወከውና መራመድ ካቃተው ኔትወርክ ፍለጋ ድንጋይ ላይ አይቁሙ፤ በቅሎ ላይ አድርጋችሁ ወደ ታች አውርዱት፣ ስልኩ መንገድ ላይ ይደወላል።

ከሚቀጥለው ጉዞ በፊት አንድ ቀን ጎንደር ላይ ሆነው ይሞክሩት። ጠዋት ስልክዎን ኤርፕሌን ሞድ ላይ ያድርጉ፤ ከዚህ በፊት ኢሜይል ጽፎልዎ የማያውቅ ወዳጅዎ እንደ አዲስ ደንበኛ ዋጋ ጠይቆ እንዲጽፍልዎ ያድርጉ። ማታ ሲከፍቱት ሦስት ነገር ይመልከቱ፦ አውቶማቲኩ መልስ ደርሶታል ወይ፣ ተወካይዎ መልሶለታል ወይ፣ ኤስኤምኤሱ ለእርስዎ መጥቷል ወይ። አንዱ ካልሠራ ደባርቅን ከማለፍዎ በፊት ያስተካክሉት።